ከሸራው ጀርባ የቀረው የእናትሽ እጅ

ልጄ፣ እንቅፋት ያርቅልሽ፤ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ይህን የምትጽፍልኝን ጎረቤታችንን ቁጣዬን እንዳታለዝቢው ብያታለሁ።

እኛ ደህና ነን፤ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠገነ። እናትሽን ግን ምን አድርገሻት ነው? አዘጋጅተሽ የላክሽውን የእኔንና የእሷን ፎቶ አታሚው በሸራ አትሞ እንጨት ላይ ወጠረው። ትከሻዬ ላይ የነበረው እጇ የለም! ብጮህበት፣ "አባባ፣ ልጅዎ ዳር ዳሩን ቆርጣ ነው የላከችው፤ በእንጨቱ ዙሪያ ለመታጠፊያ ትርፍ ስላልተወች እጃቸው ወደ ኋላ ታጠፈ" አለኝ።

"ታዲያ አንተ ዓይን የለህም? የሰው ሚስት እጅ ይታጠፋል?" አልኩት።

እሷ አፈር ለብሳለች፤ አብረን የተነሳነው ፎቶ ያ ብቻ ነው። በይ እባክሽ፣ ምንም ሳትቆርጪ ሙሉውን ላኪለት። እስከዚያ ገልብጬ ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ እንጨቱን ይይ፣ እኔ እጇን አያለሁ።

እሷን ወስዶ አንቺን የተወልኝ አምላክ በደህና ያገናኘን።

አባትሽ