ከፎቶዬ ላይ እኔን ቆርጦ ሙክቴን ስላስቀረው ድረ ገጽ

ለክቡር አቶ መርስዔ ኃዘን
የሞዴል አርሶ አደሮች ድረ ገጽ ኃላፊ
መሐል ሜዳ

ክቡር ሆይ፣ ውርጭ እንዳልነካው ገብስ ያማረ ጤና ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮምፒውተርዎ እየተመኘሁ፣ እኔ የቀየቱ ገበሬ ወዳጆ ኃይለ ኢየሱስ ከምስጋና ጋር አቤቱታዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዘንድሮ በበግ ማድለብ ሞዴል ተብዬ ስመረጥ፣ ባለሙያዎ አቶ ምንተስኖት ቤቴ ድረስ መጥተው ሙክቴን አቅፌ ፎቶ አንሥተውኛል። ትልቁ ፎቶ ያማረ ነው። ሆኖም ድረ ገጽዎ ከእሱ ላይ ትንሽ ምስል ሲያወጣ ዙሪያውን ከርክሞ መካከሉን ብቻ ያስቀራል፤ በመካከሉ ያለው ደግሞ የሙክቱ ፊት ነው። ከሥሩ «አቶ ወዳጆ፣ የሦስት ልጆች አባት» ተብሎ ስለተጻፈበት፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ጌታነሽ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ባልሽን መቼ ነው የምትሸልቺው?» እየተባለች ከርማለች።

ሁለተኛ፤ ይህችው ምስል በመግቢያ ባጄ ላይ ስለታተመች፣ በሽልማቱ ስብሰባ የመጀመሪያ ቀን የአዳራሹ ጥበቃ አንዴ ባጁን አንዴ እኔን አይቶ «አባቴ፣ ይሄ እርስዎ አይደሉም» አለኝ። «በጌ ነው፤ እኔ ባለቤቱ ነኝ» ስለው «እንግዲያው ባለ ባጁ ይምጣ» አለ። ሕግ አክባሪ ነኝና፣ ስብሰባውም የሁለት ቀን ስለነበረ፣ በማግስቱ ሙክቱን በአይሱዙ ጭኜ አመጣሁት። ጥበቃው ባጁን አንገቱ ላይ አሥሮ በክብር አስገባው፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ። ሜዳሊያው ሲጠለቅለት ጭብጨባው ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ስለተደረገለት ክብር እጅግ አመሰግናለሁ። እኔ ግን በመስኮት እያየሁ፣ በእጄ ባሳደግሁት በግ ቀናሁ። ሰው በገዛ ሙክቱ መቅናቱ እንዴት እንደሚያሳፍር ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም።

ሦስተኛ፤ ቢሮዎ ሄጄ ብጠይቅ አቶ ምንተስኖት «ጋሽ ወዳጆ፣ እኛ አይደለንም፤ ሰርቨሩ ነው በራሱ የሚቆርጠው» አሉኝ። «ሰርቨሩን የሚያዝዘው ማነው?» ብላቸው «እኛ ነን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ግምገማ ተቀምጣችሁ፣ ሰርቨሩ ግለ ሂስ ባያደርግም ምስሉ ተሻሽሏል። አሁን አይቆርጥም፤ ሙሉውን ፎቶ ጨምቆ የአውራ ጣት ጥፍር ያሳክለዋል። እኔና ሙክቱ አንድ ላይ የተደፋ ሽሮ መስለናል። ለፋሲካ ላርደው ሳስብ ወይዘሮ ጌታነሽ «ተው! በመዝገባቸው አንተ ማለት እሱ ነህ፤ ኋላ ሞተሃል ይሉሃል» ብላ ከለከለችኝ። ጾሙን በሽሮ ፈታን።

ስለዚህ ትንሹ ምስል ከዋናው ፎቶ ላይ፣ ቁመትና ስፋቱ ሳይዛባ፣ ጥራቱ ሳይወርድ፣ የሰው ፊትም ሳይቆረጥ እንዲወጣ ሰርቨሩን ያዝዙልኝ ዘንድ ከታላቅ ትሕትና ጋር እለምናለሁ።

በድረ ገጹ ባይታይም ጭንቅላቱ እስካሁን በቦታው ያለው አክባሪዎ፣
ወዳጆ ኃይለ ኢየሱስ
ሰኔ 2005 ዓ.ም.፣ ቀየት

ማሳሰቢያ፦ ሳትሻሻል የቀረችውን የእርስዎንም ትንሽ ምስል ተመልክቻለሁ። እርስዎ ተቆርጠው ወንበሩ ብቻ ቀርቷል። በእሷ ላይ ስሕተት ስላላገኘሁባት እንዳለች ትቆይ።