ቆይ ልጠይቃት

ውድ ወንድምዓለም፣

ሁለት ጊዜ ደውዬ «ሃሎ» ስትል ዘግቼብሃለሁ። አፌ እምቢ ስላለኝ በወረቀት ልሞክር።

የባንዳችን ስም ከየት መጣ ብለው በጠየቁኝ ቁጥር የማነሳው አንተን ነው። ለመጀመሪያው ትርኢታችን አዘጋጁ ደውሎ «የባንዳችሁ ስም ማን ነው?» ቢልህ፣ «ቆይ ልጠይቃት» ብለህ እኔን ፍለጋ ወጣህ። መንገድ ላይ ወሬ ያዘህና ስልኩን ረሳኸው። ሰውዬው መልሱ ያ መስሎት ፖስተሩ ላይ በትልቁ አሳተመው። እኔ በንዴት ስጦፍ አንተ በሳቅ ፍርስ አልክ። «እስቲ ከዚህ የተሻለ አምጪ!» አልከኝ። እስከ ዛሬ አላመጣሁም።

እሁድ እሁድ እማዬ ልብስ ስፌት ቤት ስንለማመድ፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ አንተ ትልቁን ድራም በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጠቀጥቀው ነበር። እማዬ «ያ የኮት ገበር የት ገባ?» ስትል ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ያ የታፈነ ምት ነው ዛሬ ሰው የሚወድልን። ያኔ በስልክ የቀዳነውን ዘፈን ባለፈው ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፤ ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ አንተን ይከተልሃል። ሠላሳ ሰው የማይሞላልን ልጆች አሁን አዳራሽ ይጠብበናል።

አንድ ፕሮዲውሰር ሊሰማን የመጣ ቀን ግን በደልኩህ። «ዘፋኟ ጎበዝ ናት፤ ድራመሩን ቀይሩት» ሲል ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ እንደነበርክ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ውሉ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። የድራም ዱላዎችህን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጠህ በሩ ላይ «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» ስትለኝም ዝም አልኩ። ሥራ እንዳላገኘህ የነገረችኝ እማዬ ናት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ድራመር ቀያየርን፤ አንዱም አንተን አልሆነልኝም።

ዛሬ ያው ፕሮዲውሰር በመጨረሻ ውሉን ይዞ መጣ። የባንዳችን ስም ይለወጥ፣ የድሮዎቹ ዘፈኖች በሌላ ድራመር እንደገና ይቀዱ አለ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን አየኝ። እኔም «ድራመራችን ሳይኖር አንፈርምም» አልኩት።

«የትኛው ድራመር?»

«ወንድሜ።»

ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። አልጸጸተኝም፣ አይጸጽተኝምም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ እንጫወታለን። ሌላ ድራመር አልያዝንም። ድራምህ ጨርቁን እንደጎረሰ መድረኩ መሀል ይቀመጣል፤ ካልመጣህም ባዶውን ይቀመጣል፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ እዘፍናለሁ። ዱላዎችህ እማዬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

በየፖስተሩ ላይ ተጽፎ እያየሁት፣ ያን ቀን በሩ ላይ ልልህ ያቃተኝ አንድ ቃል ነበር፦ ቆይ። ዘግይቼም ቢሆን ልበልህ። አንተም ያኔ ስሙን ሳትጠይቀኝ ቀርተሃልና አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ፦ ትመጣለህ?

መልስህን የምትጠብቅ እህትህ