ጺሙ የቄስ፣ ጉንጩ የሙሽራ

...መቀሱን ወደ ቦቢ አፍንጫ አዙረሽ፣ በአውራ ጣትሽ የዓይኑን ጥግ ከልለሽ፣ ከዚያ ነው ቅንድቡን የምትቆርጪው፤ ወይስ ጉንጩ ይቀድማል? አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አጠገብሽ ቆሜ አላየሁም።

ጽጌዬ፣ ከተለየሽን ሰባት ወር ከጥቂት ቀን ሆነ። መንፈቅሽን አውጥተናል። ሰው መጣ፣ በላ፣ ሄደ። እኔ ደህና ነኝ። ሁሉም «አልቅሰህ ይውጣልህ» ይሉኛል፤ ዕንባው ግን አልመጣም። ይህን የምነግርሽ እንደ ሌላው ወሬ ነው። የጣሪያው ቬንትሌተር መጮህ ጀምሯል። ውሃ የሚመጣበት ቀን ተቀይሯል። ቦቢ ማየት አቁሞ ነበር።

አትደንግጪ። ዓይኑ አልጠፋም፤ ጠጉሩ ነው። የእሱ ዘር እንደ ሌላው ውሻ አይረግፍለትም፤ ካልቆረጡት ያድጋል፣ ያድጋል። ወደ አገሩ ሲመለስ ቦቢን የተወልን ፈረንጅ «ይህ ቴሪየር ነው፤ ራሱን ካልከረከማችሁት መንገዱ ይጠፋዋል» ብሎ አንድ ጊዜ አሳይቶሽ ሄደ። አንቺ በራስሽ ቃል ያዝሽው፦ ጺሙ የቄስ፣ ጉንጩ የሙሽራ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ግንቡን ሳትዘል፣ በረንዳው ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን እናቆመዋለን። ከፍ ያለ ነገር ላይ የቆመ ውሻ እወድቃለሁ ብሎ አይንቀሳቀስም ትዪ ነበር። የኔ ሥራ መያዝ ነው። በአንድ እጄ አገጩን፣ በሌላው ማጅራቱን። የማየው የመቀሱን ጫፍ ብቻ ነበር፤ ዓይኑን እንዳይወጋው። ሌላ ምንም አላየሁም። ፊትሽን እንኳ።

የመጨረሻውን የቆረጥሽው ከሆስፒታል በተመለስሽ ሰሞን ነው፤ ተቀምጠሽ። እጅሽ ተንቀጠቀጠና ግራ ቅንድቡ አጠረ። «ግድ የለም፣ አድጎ ይስተካከላል» አልሽ።

አደገ። ተስተካከለ። ከዚያም አለፈ።

እኔ በአርባሽ ጺሜን ተላጨሁ። እሱን ማንም አላሰበውም። ወይም እኔ አስቤ ተውኩት። ያንቺ መቀስ የነካው ጠጉር ጫፉ ላይ ነበር፤ ብቆርጠው መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። እንዲህ እያልኩ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ቀኝ ዓይኑ ቀላ፤ ውሃ ያፈስ ጀመር። ጎረቤታችን ፋጡማ በግንቡ ላይ ብቅ ብላ፣ «አቦ፣ አንተ ተላጭተህ እሱን ሐዘን ላይ ተውከው እንዴ? የአባዮ ውሻ እኮ ነው!» አለችኝ። ዛሬም አባዮ ነው የምትልሽ፤ እህቴ እንደማለት።

ቅዳሜ ሳጥኑን አወጣሁ። መቀስሽ ከነበረበት አልተነሣም ነበር። ፋጡማን «ነይና አገጩን ያዥልኝ» አልኳት።

«ወላሂ አልነካውም፣ ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አለኝ። አንተ ያዝ፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

ለካ እነዚያን ቅዳሜዎች ሁሉ ከግንቡ ወዲያ ሆና ታይሽ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በጣቷ ያልነካችው ሴት በቃሏ ይዛዋለች። መጀመሪያ ማበጠር። ቀጥሎ አናቱ፣ ከቅንድቡ በላይ ተነሥቶ እስከ ማጅራቱ። ከዚያ ጉንጩ፣ ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ጥግ። የጆሮው ዳር በጣት ተይዞ። ቅንድቡ መጨረሻ ነው። ጺሙ ይበጠራል እንጂ አይነካም።

«እዚያ ጋ ረዝሟል! ኧረ የሙሽራ እያልኩህ የሽፍታ አደረግከው!»

በግራ እጄ አገጩን ይዤ፣ በቀኜ ቆረጥኩ። ማጅራቱን የሚይዝ አልነበረም። እሱም አልተንቀሳቀሰም።

የፈራሁት መውጋቱን አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ ጠጉር ውስጥ ሆኖ ቤቱን በአፍንጫው ነው የኖረው። በአፍንጫው ደግሞ አለሽ፤ ነጠላሽ ከተሰቀለበት አልወረደም። ዓይኑ ሲከፈት ግን ይፈልግሻል። ይህን ነው የፈራሁት፤ አብሬው እንዳልፈልግ።

ቅንድቡ ጋ ስደርስ መቀሱን ወደ አፍንጫው አዞርኩ። በአውራ ጣቴ የዓይኑን ጥግ ከለልኩ።

«ግራው አጠረ!» ብላ ጮኸች ፋጡማ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

 ሻሿን አስተካከለችና «እሺ» አለች። 

ቅደም ተከተሉን ይኸው ጻፍኩት፤ እንዳይጠፋኝ። ሳጥኑ በረንዳው ላይ ይቆያል። ጠጉሩ ዓይኑ ላይ በደረሰ ቁጥር እቆርጥለታለሁ፤ ግራ ቅንድቡን ሁልጊዜ ትንሽ አሳጥረዋለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ እንደዚያ ሆኖ ይሄዳል። ሌላ ቃል የምገባልሽ አላገኘሁም።

ስንጨርስ ከሳጥኑ ወረደ። አየኝ። ሳሎን ገብቶ ወንበሩን አየ። ወጥ ቤቱን አየ። ከዚያ መኝታ ቤታችን ደፍ ላይ ቆሞ አልጋውን አየ፤ ብዙ ቆየ። ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አጣ?» አለች ፋጡማ ከግንቡ ወዲያ።

ተነሥቼ ወደ እሱ ሄድኩ። አብሬው ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።