የብልቃጡ ቀይ

መጋቢት 6 ቀን 1931፣ ረቡዕ

ዛሬም ቀይ ቀለም የለም። ኑሪ ሱቅ ድረስ በእግሬ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። "መሪጌታ፣ ዱቄቱ የሚመጣው በመርከብ ነው። መርከቡ በእነሱ እጅ ነው" አለኝ። እነሱ ያለው ጣሊያኖቹን ነው። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

ጥቁሩን ጽፌ ጨርሻለሁ። መጽሐፉ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። የእመቤታችን ስም በቀይ ይጻፋል፣ መጽሐፉ የተጻፈለት ሰው ስምም እንዲሁ። ደንቡ ጥቁሩን አስቀድሞ ለቀዩ ባዶ ቦታ መተው ነው። አሁን ሳገላብጠው... ማርያም የለችም። ወልደ ሚካኤልም የለም። ሠላሳ ዓመት ብራና ላይ ጎንበስ ብዬ ስኖር እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላየሁም።

ወልደ ሚካኤል የወይዘሮ ታየች አንድ ልጅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት ጣሊያኖቹ ቤቱን ከነሰዉ ሲያቃጥሉ እዚያው ቀረ። የሚቀበር ነገር አልተገኘም። እናቱ ይህን የጸሎት መጽሐፍ አስጻፉለት፣ ግንቦት አንድ በልደታ በዓል ስሙ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ። "መቃብሩ ይኸው ነው" ብለውኛል።

ይህን የምጽፈው በእርሳስ ነው። ቀለም ማባከን የለም።

መጋቢት 8፣ ዓርብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እኔ በመጋቢት ሰማሁ። ሰማሁ አይደለም፣ አየሁ!

ልጄ ትርንጎ ፒያሳ አንዲት ሲኞራ ጠጉር ቤት ነው የምትሠራው። ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች። ዛሬ ሽሮዬን ስታቀርብልኝ... ጥፍሯ አረንጓዴ። የመድኃኔዓለም ያለህ! በሽታ መስሎኝ እጇን ለቀም አደረግኩ።

"ምን ነካሽ? በር ቀጠቀጠሽ?"

"ቀለም ነው አባዬ። የጥፍር ቀለም። ሴቶቹ ስለጠሉት ሲኞራ ጣይው አለችኝ።"

"ታዲያ አትጥይውም?"

"ጣልኩት እኮ። ጥፍሬ ላይ።" ትስቃለች ደግሞ።

እንሶስላ አውቃለሁ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለበዓል ትሞቅ ነበር። ሥሩን ወቅጣ እጇን ትለውሳለች፣ ከዚያ ቀለሙ እስኪይዝ ፍም ላይ ትዘረጋዋለች። ያ ደግ ነው። ቀይ ነው። አረንጓዴ ጥፍር ግን የምን ፍጥረት ነው? የእንቁራሪት?

ብቻ... ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። ሥራው ያስቀናል። ዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ አልፈሰሰም፣ ያብለጨልጫል። እኔ ለጌጥ አረንጓዴ ስበጠብጥ ሦስት ቀን ለፍቼም እንዲህ አይወጣልኝም።

መጋቢት 11፣ ሰኞ

ሁለተኛ ብልቃጥ። ነጭ ነው፣ ግን ነጭ አይደለም። እጇን ባዞረች ቁጥር ይለዋወጣል።

"ከዓሣ ቅርፊት ነው የሚሠራው አሉ" አለችኝ።

ክው አልኩ። በዐቢይ ጾም! ጥፍር ይጾማል ወይስ አይጾምም? ማንን እጠይቃለሁ? መምሬ ፍሰሐን ብጠይቃቸው ዓሣው ከየት መጣ ይሉኛል።

"በዚያ እጅሽ እንጀራ እንዳትቆርሺልኝ" አልኳት። በግራዋ ቆረሰች። ግራዋም ተቀብቷል። እንዳላየሁ ሆኜ በላሁ።

ቀለሙ ሲመዘን፦ ቀጭን ነው። ሁለቴ ካልደረበችው ከሥሩ ያለው ይታያል። ለመላእክት ክንፍ ግን... ምን ሆኛለሁ እኔ?

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ሦስት አመጣች። መስኮቱ ላይ ደርድራቸው ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ብቻዬን ቀረሁ ከብልቃጦቹ ጋር።

አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የተከበርኩ ጸሐፊ ነኝ። ጥፍሬን ተቀብቼ፣ እፍ እፍ እያልኩ ሳደርቅ ዋልኩ!

ብርቱካኑ፦ ሌባ ጣቴ ላይ ሞከርኩት። የተቀቀለ ካሮት። አይረባም።

ወይን ጠጁ፦ ሲቀባ ያምራል፣ ሲደርቅ ይጨልማል። መዶሻ የመታው ጥፍር ነው የሚመስለው።

ሰማያዊው፦ አውራ ጣቴ ላይ ነው። ስለዚህኛው ምን ልበል... ጥቁር ሊሆን ትንሽ ቀርቶት የተወው ሰማያዊ ነው። ዓይኔን ከአውራ ጣቴ ማንሣት አቃተኝ። ማን ጠላው? ዕውሮች ናቸው?

የሦስቱም ሽታ ራስ ያዞራል። የበሰበሰ ሙዝ ከላምባ ጋር።

መጋቢት 15፣ ዓርብ

አይለቅም!

በአመድ አሸሁት። በሎሚ፣ በአሸዋ። ሁለቱን በምላጭ ፋቅኳቸው፣ አውራ ጣቴ ግን እንቢ አለ። ትርንጎ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "የማስለቀቂያ ውሃ አለው አባዬ። ነገ አመጣልሃለሁ።" ነገ! ቅዳሴው ዛሬ ነው።

አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። መምሬ ፍሰሐ አዩኝ።

"ምን አገኘዎት መሪጌታ?"

"ቢላዋ ነው።"

"እግዚአብሔር ይማርዎት።"

በጾም ዋሸሁ። ያውም ለቄስ። ያውም በሰማያዊ ጥፍር።

ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አመድና ሎሚ ያላስለቀቀው ቀለም... ብራና ላይስ?

መጋቢት 19፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ታየች መጡ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ በዱላ እየዳበሱ ነው የገቡት። ፊደልም አልቆጠሩ። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርጌላቸው የብራናውን ቅጠል ገለጥኩ።

"ስሙ የቱ ጋ ነው?"

ጣታቸውን ይዤ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፍኩት። ምን ላድርግ? ገና ነው ልበላቸው? ሁለት ዓመት ጠብቀው?

"ይሄ ለስላሳው?"

"አዎ፣ እሱ ነው።"

ጎንበስ ብለው ሳሙት።

ባዶ ብራና ተሳለሙ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከሄዱ በኋላ መጽሐፉን በጨርቅ ሸፈንኩት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ ለካ።

መጋቢት 27፣ ረቡዕ

ትርንጎ ቀይ ይዛ መጣች።

እንዴት ያለ ቀይ! "በጣም ደመቀ ብለው ጠሉት" አለች። የብራና ቁራጭ ላይ ጠብ አደረግኩ። ሲደርቅ በምራቅ አሸሁት፣ አልለቀቀም። በውሃ፣ አልለቀቀም። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ አልደበዘዘም። ኑሪ የሚያመጣልኝ ዱቄት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጭቃ ነው።

የእመቤታችንን ስም በጥፍር ቀለም? ማሰቡ ራሱ ያስደነግጣል። ግንቦት አንድ ሠላሳ አራት ቀን ቀርቶታል።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ

ፋሲካ። ሁሉ ሰው ዶሮውን ያስባል፣ እኔ ብልቃጡን።

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

ጻፍኩት።

በመቃ ብዕር እንቢ አለ፣ አፉ ላይ ደረቀ። የብልቃጡን ብሩሽ በምላጭ አቀጠንኩት። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ብቻ፣ ወልደ ሚካኤል የሚጻፍበትን። ማርያም፣ ከሥሯ ወልደ ሚካኤል። ትርንጎ ትንፋሿን ይዛ በትከሻዬ ላይ ታይ ነበር። ስጨርስ "ይነዳል አባዬ" አለች፣ ድምቀቱን ማለቷ ነው። እውነትም ነደደ። ሌላው ጽሑፍ ሁሉ የሞተ መሰለ።

ቅጠሎቹን ደራርቤ እንዳይጣመሙ ድንጋይ ጫንኩባቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

ድንጋዩን አነሣሁ። ቅጠሉን ገለጥኩ። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ማርያም ተገልብጣ ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ላይ ተለጥፋለች። ወልደ ሚካኤል ግማሹ ተልጧል። የቀረውን በጣቴ ነካ ባደርገው ሙሉውን ተነሥቶ መዳፌ ላይ ወደቀ። እንደ ዓሣ ቅርፊት። ስሙን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ወዴት አድርጌ ላስቀምጠው?

ብራና ቆዳ ነው፣ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል። ጥፍር አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ነገር እንዴት ረሳሁ?

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

እጄን አሞኛል። አጭር ነው የምጽፈው።

ትርንጎ "እንሶስላም ሳይሞቅ አይዝም እኮ። እማዬ ፍም ላይ አልነበር የምታደርገው?" አለች። በእሷ ላይ አላመካኝም። እኔው ነኝ የፈለግኩት። ሁለቱንም ስም እንደገና ጻፍኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ቅጠሉን ከምድጃው በላይ ያዝኩት፣ ከፍሙ ክንድ ያህል አርቄ።

ቦግ!

መጀመሪያ የነደዱት ስሞቹ ናቸው። እሳቱ በፊደሎቹ ላይ ሄደ። ወ... ል... ደ... እያነበበ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ከዚያ ብራናው ተኮማትሮ እጄ ላይ ተጠቀለለ። ጢሜ ተለበለበ። ትርንጎ እንስራውን ሙሉ ደፋችብኝ፣ ብልቃጡን በእግሯ መትታ ወደ ውጭ ጣለችው። ከቅጠሉ የተረፈው እንደ ቋንጣ የደረቀ ነገር ነው።

ለካ እሳት ነበር የምንቀባው። ለካ ልጄ በአሥር ጣቷ እሳት ተቀብታ ምድጃ ሥር ትቀመጥ ነበር።

ሚያዝያ 8

ምንም።

ሚያዝያ 11፣ ረቡዕ

ለወይዘሮ ታየች ነገርኳቸው። ሰንጋ ተራ እኅታቸው ቤት ነው የሚኖሩት፣ ከዚያ የካቲት ወዲህ።

"ስሙ ተቃጠለ?" አሉ።

"አዎ።"

"በምን?"

"ጥፍር በሚቀቡት ቀለም ጽፌው ነበር።"

"ጥፍር የሚቀባው ማነው?"

እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩትም፣ በልጄ እምላለሁ! ስለ ድምቀቱ አሰብኩ፣ ስለ ሽታው አሰብኩ፣ ጾም መሆን አለመሆኑን አሰብኩ። የማን እንደሆነ አላሰብኩም።

"የጣሊያኖቹ ሚስቶች" አልኩ።

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ጮክ ሳይሉ፣ ሳያለቅሱ፣ "ልጄን ሁለት ጊዜ አቃጠላችሁት" አሉ።

አቃጠላችሁት። ከእነሱ ጋር ቆጠሩኝ። ልደታ እስካለው ቤቴ ድረስ በምን መንገድ እንደመጣሁ አላውቅም።

ሚያዝያ 14፣ ቅዳሜ

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ታየች፣ በዱላቸው። መጽሐፉን ሊወስዱ ነው አልኩ።

ተቀመጡ። ከጉያቸው በጨርቅ የታሰረ ነገር አውጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩ። ፈታሁት። ሥር ነው፣ የደረቀ።

"እንሶስላ ነው" አሉ። "ለወልደ ሚካኤል ሙሽራ ልኬላት ነበር፣ ለሰርጓ እንድትሞቅ። ሰርጉ ለዚያ ዓመት ፋሲካ ማግሥት ነበር። ከየካቲት በኋላ መለሰችልኝ። ቤት ውስጥ ቢሆን አብሮ ይነድ ነበር። ቀለም ይወጣዋል?"

"ይወጣዋል" አልኩ። ይወጣው አይወጣው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ምስጢሬን መያዝ አልቻልኩም። "ወይዘሮ ታየች፣ ያን ቀን የሳሙት ባዶ ብራና ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ቀለም ጣት ይይዛል መሪጌታ። እሱ ለስላሳ ነበር። ለስላሳው ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩዎትም?"

"ታዲያ ለምን ሳሙት?"

"ቦታው የሱ ነዋ።"

ተነሥተው ሄዱ። እኔ እስካሁን እንደተቀመጥኩ ነኝ።

ሚያዝያ 28፣ ቅዳሜ

አለቀ። የተቃጠለውን ቅጠል እንደ አዲስ ጻፍኩ። በቀረችኝ አንዲት ብራና፣ በቆሰለ እጅ። ሥሩን ትርንጎ ወቀጠች፣ እኔ አፈላሁ፣ የግራር ሙጫ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን እሺ አለ።

ስሞቹን ሁሉ ሞላሁ። መጽሐፉ ሰው ገባበት።

ትርንጎ ብልቃጦቹን ከምድጃው አርቃ ከሣጥን ሥር አስቀምጣለች። አረንጓዴው ዛሬም ጥፍሯ ላይ አለ። ዝም ብያታለሁ።

ግንቦት 1፣ ማክሰኞ፣ ልደታ

በቁም ነገር ልጻፈው፣ ገና ድንጋጤዬ አልለቀቀኝም።

ሕዝቡ እስከ ቅጥሩ ሞልቷል። መምሬ ፍሰሐ መጽሐፉን ገለጡ። ሁላችንም ለቅሶ ነበር የጠበቅነው። እንዳለች የምትባለው ጎረቤታችን ነጠላዋን ገና ሳይጀመር አፏ ላይ ይዛለች። "ወልደ ሚካኤል" ብለው አነበቡ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ጣሊያን ይስማ አይስማ ሳይሉ።

ወይዘሮ ታየች እልል አሉ።

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነው እልል ያሉት። ከየካቲት ወዲህ ከገላቸው ያልወለቀው ጥቁር ልብስ እጀታው ወረደ፣ ጣታቸውም ታየ። አሥሩም ጥፍር ቀይ! ሰዉ ደነገጠ። "ኸረ በማርያም! ሐዘንተኛ እንሶስላ ይሞቃል? አብደዋል እንዴ?" አለች ጎረቤታችን። ትርንጎን ዞሬ አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ለካ ትናንት የተረፈውን ቀለም ይዛ ሰንጋ ተራ የሄደችው ለዚህ ነው።

የሙሽራው እናት እንዲህ አይደለም እንዴ የምታደርገው? ያኔ እኔም እንባዬ መጣ።

የመጨረሻው ቀለም ሲመዘን፦ ደብዛዛ ነው። አያብለጨልጭም። የሥር ሽታ አለው። ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። በጣት ሲዳበስ ይይዛል።

የእኔም ጣቶች እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። በአመድም በሎሚም አልሞከርኩም፣ በጨርቅም አልጠቀለልኩም። ስንወጣ መምሬ ፍሰሐ በር ላይ ያዙኝና እጄን አገላብጠው አዩ።

"ደግሞ ዛሬ ምን አገኘዎት መሪጌታ?"

"ሰርግ ነበረብኝ" አልኩ።

አልዋሸሁም።