እማዋይ፣ ሹፌሩ ነጻ ወጣ

ለምትናፍቂኝ እማዋይ፣

ከተለየሽን እነሆ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ቤቱ ደኅና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስለወጥነው። ያቺ ኃይለኛ ዶሮሽ አሁንም ደጁን ትጠብቃለች፤ ባለፈው እሑድ ጸበል ይዞ የመጣውን ዲያቆን እስከ አጥሩ አባረረችው። እኛ በሳቅ ሞትን። አንቺ ብትኖሪ "እሰይ፣ ሥራዋን ነው የሠራች!" ትይ ነበር።

ሳትሰሚው የሄድሽው አንድ ወሬ አለኝ፤ ሹፌሩ ነጻ ወጣ።

ከጉና ድንች የሚያመላልሰው ሙሌ የተከሰሰ ጊዜ ከተማው ሁሉ ፈርዶበት ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጠልፎ ደፈረ ተባለ። ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ የተመደብሁለት ደግሞ እኔ። "እንዲህ ላለ ሰው የምትሟገት ልጅ ነው የወለድሁ?" ብለሽ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቆረስሽም። ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! በሦስተኛው ቀን ጎመን እየቀነጠስሽ፣ ቀና ሳትይ፣ "ልጅቱን ትጠይቂያታለሽ?" አልሽኝ። አዎ፣ መስቀለኛ ጥያቄ አለኝ አልሁሽ።

"እንግዲያው አትጩሂባት። እኔን በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሲድሩኝ፣ ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።"

ይህን ካንቺ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ጎመኑን አብሬሽ ቀነጠስሁ።

ልጅቱ በዝግ ችሎት ስትመሰክር አንቺ አርፈሻል፤ እኔም ከሐዘን የተመለስሁ ሰሞን ነው። አባቷ ያስጠኗትን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ቀረበች። ያዘጋጀሁትን የጥያቄ ወረቀት አጥፌ አስቀመጥሁና ቀስ ብዬ፣ "ያን ቀን ከቤት ስትወጪ ወዴት ለመሄድ ነበር?" አልኋት። ዳኛዋም አላጣደፏትም።

"ወደ አክስቴ" አለች በመጨረሻ። "ሠርጌ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ መማር ነው የምፈልግ።"

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረች። በዝናብ ቁልቁል በእግሯ ስትወርድ ሙሌ አግኝቷት ጋቢና አሳፈራት፤ ደብረ ታቦር አክስቷ ደጅ አድርሷት ወደ ጭነቱ ተመለሰ። ጫፏንም አልነካት። አባቷ ናቸው፣ ሠርጉ ቢፈርስባቸው በሱ ላይ ያላከኩት። አክስቷም መጥታ ይህንኑ መሰከረች።

በፍርዱ ቀን ዳኛዋ "በነጻ ይሰናበት" ሲሉ ሙሌ ከመቆሚያው ዘሎ ወጣና ሊያስፈርድበት የመጣውን ዐቃቤ ሕግ አቅፎ ሳመው! ስድስት ወር የተሟገትሁለትን እኔን ረስቶ! ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ዳኛዋ ራሳቸው ፊታቸውን በመዝገቡ ሸፈኑ።

ልጅቱ አሁን አክስቷ ዘንድ ሆና ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ሠርጉም ቀረ። ለሙት ዓመትሽ ሙሌ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ መጣ። ከደንበኛ ስጦታ አልቀበልም ስለው፣ "ለርስዎ ማን ሰጠ? ለእናትዎ ነው" አለና ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሲልጥ ዋለ። አላላጡስ ለጉድ ነው፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣለው።

ሰኞ ሌላ መዝገብ ተመርቶልኛል፤ ክሱ ያው ዓይነት ነው። ይህኛው ሰውዬ እንደ ሙሌ ንጹሕ ላይሆን ይችላል፤ ገና አላወቅሁም። አጥፍቶም ቢሆን ሕግ የሰጠውን መብት አስከብርለታለሁ፤ ተበዳይ የተባለችውን ልጅ አዋርጄ ግን እውነቱን አልሸፍንለትም። በሁለቱ መካከል ስቆም የማስበው አንቺን ነው፤ የወለድሽኝን እናቴንም፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሳትጠየቅ የተዳረችውን ያቺን ልጅም። እስካለሁ ሁለታችሁንም አልረሳችሁም።

ነፍስሽን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልኝ።

ልጅሽ