የለንደኑ ጓድ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን 2001፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በወጣትነቴ ለንደን ሆቴል ሳህን ሳጥብ የእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርኩ። ይህን ለሟች ባለቤቴ አንድም ቀን አልነገርኳትም። ወንድሟን የገደሉት ሰዎች እኮ እርስ በርሳቸው «ጓድ» የሚባባሉ ነበሩ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ሜሮን ስለዚያ ፓርቲ ለኮሌጅ ልትጽፍ መጽሐፍ ተሸክማ መጣች። እነማን እንደመሩት፣ ሰው ለምን እንደገባበት፣ ለምንስ እየጣለው እንደወጣ ታነባለች። ሳላስበው፣ «የሰፈራችን ሊቀመንበር አውቶቡስ ነጂ ነበር» አልኩ።

«አባባ፣ ሪሊ? እርስዎ? ቅዳሴ የማይቀሩት ሰውዬ?»

«ስብሰባው ዓርብ ነበር። ሌላው ሥጋ ያለው ሳንድዊች ሲበላ ሊቀመንበሩ ለእኔ ዳቦ በማርማላታ ያመጣልኝ ነበር። ‹ጓዳችን ጾመኛ ነው› እያለ።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ልቤ እንደ ጎረምሳ ይመታል። ስለ ድሃ ነበር የምናወራው። ወንጌሉም ስለ ድሃ ይናገራል፤ ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም። ዛሬም በቅጡ አይታየኝም።

«ስምዎን ልጻፈው?» አለችኝ።

ጻፊው ልል ስል የባለቤቴ ታላቅ እህት ትዝ አሉኝ። እትዬ አስቴር የሚኖሩት እዚሁ አሜሪካ፣ በመኪና ቅርብ በሆነችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ የወንድማቸው ፎቶ ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ከሌላ ሰው እንዴት ይስሙት? ሰኞ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ይህን በሆዴ ይዤ ምን ብዬ ልጹም?

«መኪናውን አስነሺ» አልኳት።

እትዬ በሩን ከፍተው፣ «ቅበላ ሸቶህ መጣህ አይደል?» ሲሉኝ፣ ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው።