የእማዬ የድሮ ቁጥር

«እኚህን እናት ተመልከቱ! የማያውቁት ሰው ደውሎ ‹ልጅሽ ነኝ› ሲላቸው አምነው የስልካቸውን ምስጢራዊ ኮድ ሰጡት። እርስዎስ? ለቤተሰብ የሚሰጠው የዲጂታል ሥልጠናችን እንዳያመልጥዎ!»

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ከላይ ያለው ከቪድዮሽ ሥር የለጠፍሽው ነው። ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ ቃለ አጋኖዎቹም ያንቺው ናቸው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቪድዮሽን እስካይ ድረስ አደብ ገዝቶ ነበር።

የሰፈሩ እናትና አባት ስልኩን እንዳይፈራና እንዳይታለል ማስተማር ትልቅ ሥራ ነው። ለሚችል ሰው መተው የነበረበትም ለዚህ ነው። በአዳራሽሽ ግድግዳ ላይ «የሰው ምስል ሳያስፈቅዱ አይለጥፉ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። እማዬን ከዚያው ጽሑፍ ሥር አቁመሽ ቀረጽሻት። «አስፈቅዳሽ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ልጄ አይደለች እንዴ፤ የምን ፈቃድ?» አለችኝ። ይህን መልስ ለራስሽ መከላከያ እንዳታደርጊው።

ሠልጣኙ ሁሉ እየተነሣ የተታለለበትን እንዲናገር ታደርጊያለሽ፤ ሰው ከሰው ስህተት ይማራል ባይ ነሽ። ይማር። ታዲያ የእማዬን ንግግር እኩሌታ ለምን ቆርጠሽ ጣልሽው? የጣልሽውን እሷው ነገረችኝ፦ «ድምፁ የቀጮ እንዳልሆነ ገና ሃሎ ሲል አውቄዋለሁ። ግን ‹እማ› ሲለኝ መዝጋት አቃተኝ።» ወንድማችን ቀጮ ሄዶ ከቀረ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት የለም፤ እኔና አንቺ እማዬ ነው የምንላት። ለማስታወቂያሽ ሞኝ ፈልገሽ ብታጪ እናትሽን ሞኝ አደረግሻት።

ይህንንስ በቻልኩት። ሌባው በእሷ ስም ለጎረቤት መጻፍ ሲጀምር ምን አደረግሽ? በሌባ የተወሰደ አካውንት እንዴት እንደሚመለስ ራስሽ ታስተምሪያለሽ። የገዛ እናትሽ ላይ ሲሆን ግን ቁጥሯን አዘግተሽ አዲስ ሲም ካርድ ከተትሽላት። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ይሏል ይኼ ነው። ቀጮ ሲሄድ በቃሉ የያዘው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። እማዬ ቤት ስትለውጥ፣ ቀፎ ስትለውጥ ቁጥሩን ያልለወጠችው ለምን ይመስልሻል? አዲሱን ሲም የያዘውን ስልክ ቻርጅ እንኳ አታደርገውም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ጠቁሮ ተቀምጧል። «ማን ሊደውልበት?» ትላለች።

ስልክ ቢሮ ሄጄ ተሰልፌ ጠየቅኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቁጥሩ ገና እንዳልተሰጠ፣ ከሚያዝያ 15 በኋላ ግን ለሌላ ደንበኛ እንደሚያልፍ ነገረችኝ። እስከዚያ ማስመለስ የሚችለው በስሙ የወጣለት ሰው ብቻ ነው። የወጣው ደግሞ ባንቺ ስም ነው።

ትናንት ደውዬ ይህንኑ ነገርኩሽ። የተለመደውን ስብከትሽን ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ተወው በቃ። ቀጮ ከእንግዲህ አይደውልም» አልሽ። ጮኼብሽ ዘጋሁት። ቃሉን ያጤንኩት ከዘጋሁት በኋላ ነው። ላይደውል ይችላል አላልሽም። ድምፅሽም የአሠልጣኝ ድምፅ አልነበረም።

ለእማዬ አልነገርኳትም።

ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ ልጆችሽንም ከዓይንሽ አይለይብሽ። መልስሽን በስልክ አልፈልግም። እስከ ሚያዝያ 12 በእጅ ጽሑፍሽ፣ በሥራ ቦታዬ አድራሻ ላኪልኝ፤ ወደ ቤት የመጣ ፖስታ ቀድማ የምትከፍተው እማዬ ናት። ቁጥሩን ታስመልሻለሽ ወይስ አታስመልሽም? የማታስመልሽ ከሆነ፣ የቀጮን ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቂ ጻፊልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ